ለሰው ካሳ አለ፤ ለጫካውስ?

የአምዱ ጸሐፊ፣ ከአሶሳ

የሕዳሴውን ግድብ ቁጥሮች በዚህ አገር የማያውቅ የለም። 5,150 ሜጋ ዋት፣ 145 ሜትር ከፍታ፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ጉባ ላይ ሲመረቅ የሰማናቸው፣ ከዚያ በፊትም ቦንድ በገዛን ቁጥር ስንደጋግማቸው የኖርን ናቸው። ከነዚሁ ጋር የሚነሳ አንድ ቁጥር ግን ሁለት መልክ አለው። ከግድቡ ጀርባ ያለው ንጋት ሐይቅ ሲሞላ 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል። በአንድ በኩል ሲያዩት የውኃ ቁጥር ነው፤ በሌላ በኩል 187,400 ሄክታር መሬት ውኃ ሥር ገባ ማለት ነው። ከጉባ በስተሰሜን፣ ከሱዳኑ ዲንደር ጋር ተያይዞ ያለው የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ ስፋቱ 2,665 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ሐይቃችን የፓርኩን 70 በመቶ ያህላል።

አንባቢ ፊቱን ከማጥቆሩ በፊት ልናገር። ግድቡ መሠራቱን እደግፋለሁ፤ ካዋጣሁትም ገንዘብ አንዲት ሳንቲም አትቆጨኝም። ጥያቄዬ የሒሳብ ጥያቄ ነው። ሲሚንቶውን፣ ብረቱን፣ ተርባይኑን፣ የተነሺውን ጎጆ ሳይቀር ቆጥረን ከፈልን። ሸለቆውን ራሱን ግን በየትኛው መዝገብ ላይ ነው ወጪ ብለን የጻፍነው?

ሸለቆው ባዶ አልነበረም። አባሎው፣ ሁመሩ፣ የዕጣን ዛፉ፣ እንደ አጥር ተያይዞ የቆመው ሽመል ነበረበት። ወንዙን ተከትሎ ደግሞ በጋውን ሁሉ ሳይጠወልግ የሚከርም የወንዝ ዳር ደን ነበር። ጉሙዙ መሬቱ ሲደክምበት ትቶት ወደ ሌላው እየዞረ የሚያርሰው፣ ቀፎ የሚሰቅልበት፣ ዓሣ የሚያጠምድበት አገር ነው። በ2012 ክረምት ውኃ መያዝ ሲጀመር የክልሉ ወጣቶች ተሰማርተው ዛፉን መንጥረዋል። ምንጣሮው ራሱ ስህተት አልነበረም፤ ውኃ ውስጥ የቀረ እንጨት ሲበሰብስ ውኃውን ያበላሻል፣ ሚቴን ያመነጫል፣ የሚንሳፈፈውም ግንድ ለግድቡ ሥራ ጣጣ ነው። ዛሬ በሐይቁ ላይ ጀልባ አለ፣ ዓሣ አስጋሪ ወጣት አለ። ይኼም ጥቅም ነው፤ አልክድም። የዓሣው ገቢ ግን የዕጣኑን ዛፍ አይመልስም።

ሕጋችን ለሰው ያስባል፤ ቢያንስ በወረቀት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 በመንግሥት ፕሮግራም የተፈናቀለ ወይም ኑሮው የተነካበት ሰው ተመጣጣኝ ካሳ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። የ2011ዱ አዋጅ ቁጥር 1161፣ በኋላ ማሻሻያ ቢደረግበትም፣ ተተኪ መሬት ሳያገኝ ለዘለቄታው የሚነሳ ገበሬ ባለፉት ሦስት ዓመታት ካገኘው ዓመታዊ ገቢ ከፍተኛው በ15 ተባዝቶ እንዲከፈለው ደንግጓል። ለወል ይዞታም ካሳ አለ፤ ተጠቃሚው ማኅበረሰብ ይካፈለዋል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ገንዘቡ ወደ ሰዎች ኪስ ይገባል፣ ከዚያም ወደ ቆርቆሮ፣ ወደ በሬ፣ ወደ ልጅ ትምህርት ይሄዳል። መሄዱ ተገቢ ነው። ግን ከዚያ ክፍያ ውስጥ አንዲት ሳንቲም ተመልሳ ጫካ አትሆንም። ለቀፎው ካሳ የተቀበለ ሰው ንቡ የሚቀስመውን አበባ ማንም አልተካለትም።

የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማውን የሚገዛው የ1995ቱ አዋጅ ቁጥር 299 ነው። አዋጁ ፕሮጀክት አቅራቢው ጉዳቱን የሚያስወግድበትን፣ የሚቀንስበትን ወይም የሚያቃልልበትን እርምጃ በጥናቱ እንዲያቀርብ ያዛል። ጥሩ አዋጅ ነው። ክፍተቱ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። ማስወገድ ካልተቻለ፣ መቀነስም ከተሞከረ በኋላ የሚተርፈው ጥፋት አለ፤ ለዚያ ለሚተርፈው ማን፣ የት፣ ስንት፣ እስከ መቼ የሚል የተደራጀ አሠራር አላበጀንም። በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው ሌሎች አገሮች የማካካሻ ባንክ የሚሉትን የፈጠሩት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ማኅበር ወይም ድርጅት የተራቆተ መሬት ይይዛል፣ ያድሰዋል፣ ለረጅም ዘመን እንዳይነካ በሕግ ያስረዋል። በግንባታው ጥቅም የሌለው ተቆጣጣሪ መጥቶ የተገኘውን ለውጥ ይለካና ክሬዲት ብሎ ይመዘግባል። መንገድ፣ ግድብ ወይም የኤሌክትሪክ መስመር የሚዘረጋ መሥሪያ ቤት ለሚያጠፋው ያህል ከዚያ መዝገብ ይገዛል። የተገዛው ክሬዲት ይሰረዛል፤ ሁለተኛ አይሸጥም። ቁም ነገሩ ያለው በቅደም ተከተሉ ላይ ነው፤ ጫካው ከተመለሰ በኋላ እንጂ እመልሳለሁ ስለተባለ ክሬዲት አይሰጥም።

ነገሩ በብዛት የተለመደው በአሜሪካ ሲሆን መነሻው ረግረግ መሬት ነው። የ1972ቱን (እ.ኤ.አ.) የንጹሕ ውኃ ሕግ ተከትሎ ረግረግ የሚደፍን ሁሉ እንዲተካ ሲጠየቅ፣ ከመጀመሪያዎቹ ባንኮች ብዙዎቹን ያቋቋሙት የክፍለ ግዛት አውራ ጎዳና መሥሪያ ቤቶች ነበሩ፤ ለራሳቸው መንገድ። ጀርመን እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ በተፈጥሮ ጥበቃ ሕጓ ግንበኛው ያጠፋውን እንዲተካ ታስገድዳለች። እንግሊዝ ከየካቲት 2024 ወዲህ አብዛኛው ግንባታ ከነበረው 10 በመቶ ጨምሮ እንዲመልስ፣ የመለሰውንም 30 ዓመት እንዲጠብቅ አዝዛለች። የእነርሱን ደንብ ገልብጠን እናምጣ አልልም። መሬቱ ሌላ፣ ባለመሬቱም ሌላ ነው።

«እኛማ አረንጓዴ ዐሻራ አለን» የሚለኝ አይጠፋም። አለን። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ጀምበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ሲነገር ከተደሰቱት አንዱ ነኝ። ግን ሁለቱን አንቀላቅል። የዘመቻው ቁጥር የሚያዘው በተከላው ቀን ነው፤ የባንኩ ቁጥር የሚያዘው በአሥረኛው ዓመት ነው። ደግሞም መንግሥት በራሱ በጀት፣ ግድብ ኖረም አልኖረም የሚተክለውን ችግኝ ለግድቡ ማካካሻ ነው ብሎ ማስመዝገብ አንዱን ብር ሁለት ጊዜ መቁጠር ነው። ለቆላ ጫካ ምትክ ነው ተብሎ ግራቪላና ባሕር ዛፍ ሲተከልማ ባልናገር ይሻላል።

ለመሆኑ በእኛ አገር ቆላ «ተሻሻለ» የሚባለው ምን ሲሆን ነው? የዕጣኑን ዛፍ እንውሰድ። የኢትዮጵያና የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች መተማ ላይ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተሙት ውጤት አስደንጋጭ ነበር፦ ሁኔታው በዚሁ ከቀጠለ የዛፉ ቁጥር በ50 ዓመት ውስጥ በ90 በመቶ ይቀንሳል፣ የዕጣን ምርቱም በ15 ዓመት ውስጥ በግማሽ ይወርዳል። ሽማግሌ ዛፎች አሉ፣ ከመሬት ጠጋ ያለ ቡቃያም አለ፤ በመካከል ያለው ጎረምሳ ዛፍ ግን የለም። ቡቃያው ገና ቀና ሳይል በየዓመቱ እሳት ይለበልበዋል፣ ከብት ይግጠዋል። በዚህ መሬት ላይ አዲስ ችግኝ ከመትከል ይልቅ ያለውን ቡቃያ ከእሳትና ከከብት ጠብቆ አሥርና አሥራ አምስት ዓመት ማሻገር ነው ሥራው። ወጪው የጥበቃ ደሞዝ፣ የእሳት መከላከያ መስመር፣ ከከብት አርቢው ጋር የሚደረግ ስምምነት ነው። ፎቶ የሚነሳበት ቀን የለውም። ለዚህም ይመስለኛል በጀት የማይገኝለት።

ሽመሉ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ኢትዮጵያ ወደ አንድ ሚሊዮን ሄክታር የሚገመት ቀርከሃ እንዳላት ይነገራል፤ ብዙው የቆላው ዓይነት ነው፣ ከዚያም ትልቁ ድርሻ የእኛ ክልል ነው። የአሶሳ ሰው ቤት የሚሠራበት፣ አጥር የሚያጥርበት፣ ቡቃያውን ቀቅሎ የሚበላው ነው። ሽመል ዘመኑ ሲደርስ በአንድ ላይ ያብባል፣ በአንድ ላይ ይደርቃል። ተራራ ሙሉ ጫካ በአጭር ጊዜ ውስጥ ወደ ማገዶነት ይለወጣል። የሚተካው መሬት ላይ በወደቀው ዘር ነው፤ በዚያ ዓመት እሳት ከገባ ወይም ባለ ኢንቨስትመንቱ «ደን የለም» ብሎ ካረሰው አለቀ። እንግዲህ በሽመል ላይ ብቻ የቆመ የማካካሻ መዝገብ አንድ ቀን ዜሮ ሊያሳይ ይችላል ማለት ነው። ከውጭ የመጣ የመለኪያ ቅጽ ይኼን አይጠይቅም። በርታውና ጉሙዙ ግን ያውቀዋል። ከአበባው በኋላ ያለውን ጊዜ እንደ አደጋ ጊዜ ቆጥሮ ተጨማሪ ጥበቃ የሚመድብ፣ መጠባበቂያ መሬት የሚይዝ ደንብ እዚሁ መጻፍ አለበት።

አሁን ወደ ጎረቤት እንሂድ፤ ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይኼ ነው። ኡጋንዳ በነጭ አባይ ላይ 250 ሜጋ ዋት የሚያመነጨውን የቡጃጋሊን ግድብ ለመሥራት ስትነሳ ፏፏቴው እንደሚሰጥም የታወቀ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 መንግሥትና የዓለም ባንክ ተስማሙ፤ ለቡጃጋሊ ማካካሻ እንዲሆን ከሱ በታች ያለው የካላጋላ ፏፏቴና ዙሪያው እንዳይነካ፣ ኃይልም እንዳይመነጭበት ተወሰነ። ግድቡ እ.ኤ.አ. በ2012 ተመረቀ። ብዙም ሳይቆይ ከካላጋላ በታች የኢሲምባ ግድብ በቻይና ብድር ተጀመረ። 183 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2019 ሲመረቅ ሐይቁ ወደ ላይ ተመልሶ ከተከለለው ማካካሻ ከፊሉን ዋጠው። ስምምነቱን መከለስ ግድ ሆነ። የመጀመሪያው ግድብ ዕዳ መያዣ በሁለተኛው ግድብ ተበላ።

ይኼ በእኛ ላይ አይደርስም የሚል ካለ ካርታውን ያምጣ። የአሜሪካ መሬት ማልሚያ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ1964 ባጠናቀቀው የአባይ ጥናት ላይ ካራዶቢ፣ ማቢል፣ መንደያ እና የድንበሩ ግድብ በሚል አራት ቦታዎች ተሰልፈዋል። የሕዳሴው ግድብ ያረፈው በድንበሩ ቦታ አካባቢ ነው። ካራዶቢና መንደያ፣ በቆ አቦ ከሚባለው ሌላ ቦታ ጋር፣ ዛሬም በመሐንዲሶች ጠረጴዛ ላይ ናቸው። የዳቡስ ወንዝም በኃይል ማመንጫ ዕቅዶች ውስጥ ስሙ አለ። ስለዚህ ከንጋት ሐይቅ ራስጌ በአባይ ገደል ውስጥ ማካካሻ ጫካ የሚከልል ሰው ለሚቀጥለው ሐይቅ ወለል እያዘጋጀ ነው። የዳቡስ ረግረግም ውብ ቢሆንም ዋስትና የለውም። ለእኔ የሚታየኝ ከጉባ ወደ ሰሜን፣ ወደ አልጣሽ የሚወጣው መሬት ነው። ከፓርኩ ጋር ከተያያዘ ለዱር እንስሳውም መተላለፊያ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2016 አጥኚዎች አልጣሽ ላይ አንበሳ መኖሩን ያረጋገጡት በካሜራና በዱካ ነው፤ አንበሳ ደግሞ የክልል ድንበር አያውቅም። የትም ይሁን የት ግን የተከለለው መሬት ከኃይልና ከመስኖ ማስተር ፕላን ላይ በሕግ መፋቅ አለበት። ይኼ ካልሆነ ባይጀመር እመርጣለሁ።

ቀላሉን ነገር ጨረስን። ከባዱ ሰው ነው። መሬት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የመንግሥትና የብሔር ብሔረሰቦች፣ ሕዝቦች ንብረት ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ታዲያ ክሬዲቱን የሚሸጠው ማነው? መንግሥት መሬቱን «ጥብቅ ነው» ብሎ አጥሮ ገንዘቡን ወደ ግምጃ ቤት ከወሰደ፣ በግድቡ የተነሳው ገበሬ በማካካሻው ሁለተኛ ተነሳ ማለት ነው። ከ2011 ወዲህ ጉባና ወንበራ በሚገኙበት በመተከል ዞን የፈሰሰውን ደም የሚያስታውስ ሰው በዚያ ዞን ከአዲስ አበባ የሚሰመር አዲስ መስመር ምን ሊያስከትል እንደሚችል አይጠፋውም። ባለፉት ዓመታት በክልሉ ለሰፋፊ እርሻ ተሰጥቶ፣ ዛፉ ተመንጥሮ፣ ከሰሉ ተሽጦ፣ እርሻው ሳይለማ የቀረ መሬት አለ። ከማኅበረሰቡ የወል መሬት በፊት መታየት ያለበት እሱ ነው። ማንንም አያፈናቅልም፤ ጉዳቱም ዓይን ላይ የሚታይ ስለሆነ ለውጡን ለመለካት አያስቸግርም።

የአያያዙ ነገር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የመንዝ ጓሳ ሣር በቄሮ ሥርዓት በመቶዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት ተጠብቆ የኖረው ባለ ድርሻው ራሱ ስለዘጋውና ራሱ ስለከፈተው ነው። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያንን ባለቤትነት ሲያፈርሰው ሣሩም አብሮ ተጎዳ። በቅርቡ ደግሞ ወላይታ ሁምቦ አለ። 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ በሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ስም ተይዞ፣ አብዛኛው ከቀረው ጉቶና ሥር በቅሎ ተመለሰ። ማኅበራቱ ከያዘው ካርቦን 165,000 ቶኑን ለዓለም ባንክ ፈንድ ለመሸጥ ተዋዋሉ። መሬት አልሸጡም፤ የጠበቁትን ውጤት ነው የሸጡት። የጉባና የወንበራ ቀበሌዎች በዚሁ ዓይነት ማኅበር ተደራጅተው የይዞታ ማረጋገጫው በስማቸው ቢሆን፣ ማር መቁረጡ፣ ዕጣን ማድማቱ፣ ደረቅ ሽመል መልቀሙ በውሉ ቢፈቀድላቸው፣ ጠባቂውም ከመካከላቸው ቢቀጠር፣ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። እሳትን በተመለከተም ጨርሶ መከልከል የሚባለውን አላምንበትም። ሣሩ ጨርሶ ሳይደርቅ፣ በኅዳር መግቢያ በልክ የሚለቀቅ እሳት በጥር ከሚመጣው ሰደድ ያድናል፤ ይህን ከሽማግሌዎቹ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ገንዘቡስ? እዚህ ላይ «ድሃ አገር ነን» ይባላል። ሒሳብ እንሥራ። ግድቡ በዲዛይኑ መሠረት በዓመት 15,760 ጊጋ ዋት ሰዓት ያመነጫል ተብሎ ታስቧል። ከእያንዳንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት አንድ ሳንቲም፣ አንድ ብቻ፣ ቢመደብ በዓመት 157 ሚሊዮን ብር ግድም ነው። በመብራት ሂሳቡ ላይ የሚሰማው ሰው የለም። ጉባና ወንበራ ላይ ግን የጥበቃ ደሞዝ፣ የቆጠራ ባለሙያ፣ የማኅበር ድርሻ ይሆናል። ለሱዳን፣ ለኬንያና ለጅቡቲ ከምንሸጠው ኃይል ላይ ቢታሰብ ደግሞ በውጭ ምንዛሪ ነው። ገንዘቡ በኤሌክትሪክ ኃይል ሣጥን ውስጥ መቆየት የለበትም፤ መለኪያውም በእሱ እጅ መሆን የለበትም። የሚከፍለውም፣ የሚለካውም፣ ተሟልቷል ብሎ የሚፈርመውም አንድ መሥሪያ ቤት ከሆነ ባንክ ሳይሆን የወጪ ማወራረጃ ሰነድ ነው የሚኖረን።

በዚህ አሠራር የሚሠጉ ሰዎችን ሥጋት እጋራለሁ። ክሬዲት መግዛት ሲቻል «ከፍዬ አጠፋለሁ» የሚል ግንበኛ ይመጣል። መንገዱን ሁለት ኪሎ ሜትር ዞር አድርጎ ጫካውን ማዳን እየቻለ ገዝቶ ማለፉ ይቀልለዋል። መፍትሔው በዋጋ ላይ ብቻ አይደለም፤ ጨርሶ የማይሸጥ ነገር መኖር አለበት። የወንዝ ዳር ደን እንደዚያ ነው። ከአባይ ገደል የሰጠመውን ዓይነት በሰው ዕድሜ መልሶ የሚያበቅል ባለሙያ የለም። ለእሱ ክሬዲት የሚባል ነገር ሊኖር አይገባም፤ አማራጭ መስመር ይፈለግለታል እንጂ። ከሸለቆው የሰጠመውን በዚህ ባንክ መልሰን እንከፍላለን የሚል ቅዠትም የለኝም። ያ ሒሳብ ተዘግቷል። የኪሎ ዋት ሰዓቱ አንድ ሳንቲም ለቀረው ነው።

የቀረው ደግሞ በየቀኑ እየተነካ ነው። ከጉባ ተነስቶ በዴዴሳ በኩል ወደ ሆለታ የሚሄደው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር በጫካው መካከል የራሱን ጎዳና ጠርጎ አልፏል፤ ሥሩ ያለው ዛፍ እንዳያድግ ሁልጊዜ ይመነጠራል። የኩርሙክ ወርቅ ማውጫ መንገድ ይጠይቃል፣ ኃይል ይጠይቃል። አዲስ መስመር፣ አዲስ ማከፋፈያ ጣቢያ፣ አዲስ አስፋልት መምጣቱ አይቀርም፤ መምጣቱንም እንፈልጋለን። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ደንቡን እስኪያወጣ፣ የክልሉ ምክር ቤት እስኪመክርበት ጊዜ ይወስዳል። ቆጠራው ግን አዋጅ አይጠብቅም። የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት አሶሳ ላይ ማዕከል አለው፤ አሶሳ ዩኒቨርሲቲም እዚሁ ነው። ከጉባ እስከ አልጣሽ ባለው መሬት ላይ ስንት የዕጣን ዛፍ እንዳለ፣ ስንቱ ጎረምሳ እንደሆነ፣ የትኛው ሽመል መቼ እንዳበበ፣ የተተወው የእርሻ ኢንቨስትመንት መሬት ምን ላይ እንደደረሰ ከቀበሌው ሰው ጋር ሆነው ዘንድሮ መጀመር ይችላሉ። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ በክረምት ብቻ እንዳይወጡ። በክረምት ሁሉም አረንጓዴ ነው፤ የትኛው ቡቃያ እሳቱን እንዳለፈ የሚታየው በየካቲት ነው።